የገና መዝሙርና የሙዚቃው አስተማሪ

የልደት በዓል በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በአዲስ አበባ በብዙ ትምህርት ቤቶች የልጆች ዜማ በየመስኮቱ ይሰማል። ወላጆች ተጋብዘው የሚያዳምጡት አንዲት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያች ሰዓት በስተ ኋላ ያለውን ድካም የሚያውቀው ግን አስተማሪው ነው። ከእነዚህ አስተማሪዎች አንዱ ያጫወቱንን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

የትምህርት ቤቱ ኀላፊ ዝግጅቱ እንዲያምር በመሻት፣ የነሐስ ባንድ እንዲጠራ አሳስበው ነበር። የነሐስ ሙዚቃ በኢትዮጵያ የከበረ ታሪክ እንዳለው አይካድም፤ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሠሩት ሥራ ይታወቃል። ነገር ግን ሁለተኛው አሳብ አስተማሪውን አስጨነቃቸው። ይኸውም ድምፃቸው የማይጥም ልጆች ከኋላ ቆመው አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ነበር። ከእነዚህም መካከል ባለፈው ዓመት ብቻውን ቆሞ የዘመረና ብዙ የተጨበጨበለት የ13 ዓመት ልጅ ይገኝ ነበር።

ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲቃረብ ማንቁርቱ ያድጋል፤ የድምፅ አውታሮቹም ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። ስለዚህ ድምፁ ወፍራም ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም በዜማው መካከል ይሰነጠቃል። በአማርኛ «ድምፁ ጎረነነ» የሚባለው ይህ ነው፤ ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ቃሉን ቢይዙት መልካም ነው። ነገሩ ሕመም አይደለም፤ ልጁን ግን ያሳፍረዋል። አምና የተመሰገነ ልጅ ዘንድሮ የዘማሪ መስሎ እንዲቆም ቢታዘዝ፣ ዳግመኛ ለዜማ አፉን የሚከፍት አይመስለንም።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ዜማ የተማርነው በሃርሞኒየም ነበር። የሃርሞኒየም ቁልፍ በተጫኑት ጊዜ ሁሉ ያንኑ ድምፅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ዘማሪው ወደ መሣሪያው ይሄዳል። ክራር ግን ወደ ዘማሪው ይመጣል። አውታሮቹ አምስት ወይም ስድስት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ይቃኙበታል። አውታሮቹ ሁሉ በእኩል ሲላሉ ቅኝቱ ሳይለወጥ መላው ዜማ ዝቅ ይላል። አስተማሪው ክራራቸውን ይዘው ልጆቹን አንድ በአንድ አዳመጡ፤ ትንንሾቹም ጎርናኖቹም የሚደርሱበትን ከፍታ ለማግኘት አራት ቀን ፈጀባቸው። ትንንሾቹን አውራጅ፣ ጎርናኖቹን ተቀባይ አደረጉ። ለዚያ ልጅም ከመቀበሉ ጋር ከበሮውን ሰጡት። ኀላፊው ይህን ሰምተው «እንግዲህ ኀላፊነቱ የእርስዎ ነው» አሏቸው።

በዝግጅቱ ማታ ክራሩ የተቃኘው በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነበር። አዳራሹ በሰው ሲሞላና ሲሞቅ አውታሮቹ ከቅኝታቸው ወጡ። አስተማሪው በሕዝብ ፊት ቁጭ ብለው እንደ ገና አቃኙ፤ ልጆቹ ቆመው ጠበቁ፤ እንግዶቹም ሳል ጀመሩ። ኋላ ዜማው ተነሣ። በሦስተኛው መዝሙር ላይ የልጁ ድምፅ ተሰነጠቀ፤ ከኋላ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ሳቁ። ከበሮው ግን አልተቋረጠም፤ ልጁም በሚቀጥለው ተራ ከጓደኞቹ ጋር ተቀበለ።

ትምህርት ሲከፈት ኀላፊው አስተማሪውን ጠርተው፣ በሰኔ ለሚደረገው የወላጆች ቀን እነዚሁ ተቀባዮች ይኖሩ እንደ ሆነ ጠየቋቸው። አስተማሪው ይኖራሉ አሉ፤ ነገር ግን የልጆች ድምፅ እስከ ሰኔ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ በግንቦት ሁሉንም እንደ ገና አንድ በአንድ ለማዳመጥ አራት ቀን እንዲሰጣቸው ለመኑ።