ለመጽሐፍ ስም የሚያወጣለት ማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የመጽሐፍን መፈለጊያ ስም የሚያወጣው ግን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። መጽሐፉን አገላብጦ ይመረምርና ስለ ምን እንደሚናገር በመዝገብ ጽፎ ቦታ ይሰጠዋል። አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ በ1876 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕውቀትን በዐሥር ክፍል መድቦ ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ነገር ግን መጽሐፉን የመዘገበው ሰውና መጽሐፉን የሚፈልገው ተማሪ የሚናገሩት ቃል ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት የወጥ ቤት ሙያ መጻሕፍትን «ኩከሪ» በሚል ያረጀ ቃል ሲመዘግብ ኖሮ፥ ሕዝቡ በሚናገርበት «ኩኪንግ» በሚለው ቃል የለወጠው በ2010 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ቢኖርም የመዝገቡን ቃል ለማያውቅ ተማሪ እንደሌለ ይቆጠራል።

ታዲያ ስም ማውጣቱን ለአንባቢዎቹ ለራሳቸው ብንተውላቸውስ? በ2003 ዓ.ም. ጆሹዋ ሻክተር የተባለ አሜሪካዊ «ዴሊሽየስ» የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ሰው በኢንተርኔት ያገኘውን ጠቃሚ ገጽ ሲያስቀምጥ «ታሪክ» ወይም «እርሻ» እያለ በገዛ ቃሉ መለያ ይለጥፍበታል። መለያው ለሌሎችም ስለሚታይ፥ ያንኑ ቃል የተከተለ ሁሉ ሌሎች ያከማቹትን ያገኛል። ቶማስ ቫንደር ዋል ይህን የሕዝብ አመዳደብ በ2004 ዓ.ም. «ፎክሶኖሚ» ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት ለተመራማሪዎች «ሳይትዩላይክ» የተባለው ተከፈተ፤ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎችና መምህራን በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ላይ ሳይቀር መለያ ይለጥፉ ነበር።

«ሁሉም እንደ ፈቀደው ስም ካወጣ የባቢሎን ግንብ አይሆንምን?» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ጎልደርና ሁበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ አንድን ገጽ መቶ ያህል ሰዎች ካስቀመጡት በኋላ የየመለያው ድርሻ እንደሚረጋ አሳይተዋል። የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትም በጥር 2008 ዓ.ም. የቆዩ ፎቶግራፎቹን «ፍሊከር» በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ ገለጠ። እስከ ጥቅምት ድረስ 2,518 ተሳታፊዎች 67,176 መለያዎችን ለጠፉ። ከዚህም በላይ፥ ተመልካቾቹ ሥዕሉ የት እንደ ተነሣና ማን እንደሆነ ስለ ነገሩት ከ500 በላይ የመዝገብ ጽሑፎች ታረሙ ወይም ዳበሩ። ነውር ሆኖ የተሰረዘው ከ25 ያነሰ ነው።

ሆኖም ጉድለቱን መደበቅ አይገባም። «ለፈተና» የሚል መለያ ለለጠፈው ተማሪ እንጂ ለሌላው አይጠቅምም። በአማርኛማ ችግሩ ይብሳል፤ አንዱ «ዓለም» ሁለተኛው «አለም»፥ አንዱ «ሥራ» ሁለተኛው «ስራ» ብሎ ሲጽፍ፥ ለአንባቢ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒዩተር ሁለት ይሆንና ዕውቀቱ ይበተናል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጎተራው የሌላ ሰው መሆኑ ነው። ዴሊሽየስ በ2017 ዓ.ም. ተሸጦ አዲስ ነገር መቀበሉን አቆመ፤ ሳይትዩላይክም በ2019 ዓ.ም. ተዘጋ። ግልባጭ ያላስቀረ ሰው የብዙ ዓመት ልፋቱ ከእጁ ወጣ።

እንግዲህ የሚበጀው ሁለቱን አዛምዶ መሥራት ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የጸናውን ደንብ ይጠብቅ፤ የተማሪዎቹም ቃል ከጎኑ ይጻፍ፤ በፊደል የተለያዩት ወደ አንድ ይመሩ፤ የሁሉም ግልባጭ በትምህርት ቤቱ እጅ ይቆይ። አንድ መምህር ተማሪዎቹ ያነበቡትን እያንዳንዳቸው በሦስት ቃል እንዲመዘግቡ ቢያዝ፥ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚገባው ተማሪ ግን መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።