ሮቤል ተክለማርያም፤ በረዶ ከሌለበት አገር የወጣ የበረዶ ስፖርተኛ

በኦሎምፒክ መድረክ የአገራችን ስም ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ሩጫን ነው። አበበ፣ ማሞ፣ ምሩፅ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ እያልን እንቆጥራለን። ይሁን እንጂ በዚሁ መዝገብ ውስጥ፣ የክረምት ኦሎምፒክ በሚባለው ክፍል፣ ኢትዮጵያን ወክሎ ሁለት ጊዜ የተሰለፈ ስፖርተኛ አለ። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ እሱ ነው። በተለይ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለመረጣችሁ እጩ መምህራን ጉዳዩ ሳይጠቅም አይቀርም፤ ለምን ቢባል ጥያቄው «በረዶ ከሌለበት አገር የበረዶ ስፖርተኛ እንዴት ይወጣል?» የሚል ነውና። (ዘመኑ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ እንነጋገር። በአማርኛችን ጣራ እየደበደበ የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፤ በአውሮፓ ክረምት እንደ ተነደፈ ጥጥ እየበነነ የሚወርደውም በረዶ ነው። ነገሩ ግን ሦስት ነው። የበረዶ ሆኪ የሚባለው ጨዋታ የሚካሄደው በረጋው ላይ ሲሆን፣ የሮቤል ስፖርት የሆነው ስኪ ደግሞ እንደ ጥጥ በሚወርደው ላይ ነው። ለዚህኛው አመዳይ የሚለው ቃል ቢቀርብም በአፋችን ስላልተለመደ በረዶ እያልን እንቀጥል።

ሮቤል አዲስ አበባ ውስጥ መስከረም 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወለደ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ገና አራተኛ ቀናቸው ነበር። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተማረ። ይቺ ከተማ እንዲያው ዝም ብላ ከተማ አይደለችም። በ1924 እና በ1972 ዓ.ም. የክረምት ኦሎምፒክን ያዘጋጀች ናት። የአሜሪካ ተማሪዎች የበረዶ ሆኪ ቡድን ያን ጊዜ የማይበገር ይባል የነበረውን የሶቪየት ኅብረት ቡድን 4 ለ 3 ያሸነፈው እዚያ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ለሚያድግ ልጅ ስኪ ማለት ለኛ ሰፈር ልጆች የጨርቅ ኳስ እንደ ማለት ነው። ሮቤልም በዚሁ ስፖርት በርትቶ ለኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። ኋላም ስኪ አስተማሪ ሆኖ ሠርቷል።

እስቲ ስፖርቱን እንየው። ብዙዎቻችን ስኪ ሲባል ከተራራ ቁልቁል መወርወር ይመስለናል። ሮቤል የሚወዳደርበት ግን የአገር አቋራጭ ስኪ ነው። ሁለት ረጃጅምና ቀጫጭን መንሸራተቻዎች ከጫማ ጋር ይያያዛሉ፤ የሚያያዘው ግን ጣት በኩል ብቻ ነው፣ ተረከዝ ነጻ ሆኖ ይነሣል። በሁለት እጅ ሁለት ዘንግ ይያዛል። ስልቱ ሁለት ዓይነት ነው። በጥንታዊው ስልት ስፖርተኛው በበረዶው ላይ በተቀደዱ ሁለት ትይዩ መስመሮች ውስጥ እግሩን እያፈራረቀ ይሄዳል። በነጻው ስልት ግን እግሩን ወደ ጎን እየገፋ ይንሸራተታል። በጥንታዊው ስልት አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ መንሸራተቻው ሲገፉት መያዝ፣ ሲለቁት ደግሞ መንሸራተት አለበት። ይህ የሚገኘው ከመካከሉ የሚይዝ ሰም፣ ከፊትና ከኋላው የሚያንሸራትት ሰም በመቀባት ነው። የሰሙም ዓይነት እንደ ቀኑ ቅዝቃዜ ይለያያል። ሰሙን የሳተ ሰው ዳገት ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ጉልበቱን ይጨርሳል።

«የኛ ሯጮች ሳንባቸው ጠንካራ ነው፣ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ታዲያ ስኪውን ለምን አይሞክሩትም?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ስፖርቱ በእርግጥም ከፍተኛ ሳንባ ይጠይቃል። ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው እግር ብቻ አይደለም፤ ክንድ፣ ትከሻና ሆድ እኩል ይደክማሉ። የረጅም ርቀት ሯጭ ደግሞ ላይኛው አካሉ ቀጭን እንዲሆን የሠለጠነ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሚዛን ነው። በአንድ እግር እየተንሸራተቱ ክብደትን ከወዲህ ወዲያ ማዘዋወር በልጅነት የሚገባ ነገር ነው፤ እንደ ቋንቋ።

ለዚህ የጎረቤታችን የኬንያ ተሞክሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፊሊፕ ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር። ካደገ በኋላ በአንድ የስፖርት ጫማ ኩባንያ ድጋፍ ፊንላንድ ሄዶ ስኪ ተማረ፤ በየካቲት 1990 ዓ.ም. ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ። የመጨረሻው ሆኖ ገባ። ያሸነፈው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ግን ከመስመሩ ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ቦይትም ልጁን ዴሊ ብሎ ሰየመው። ያን ያህል ሳንባ ያለው ሰው በሁለት ዓመት ልምምድ የደረሰበት እዚህ ድረስ ነው፤ ይህንንም ማድረጉ ቀላል አልነበረም።

ወደ ሮቤል እንመለስ። ችሎታው ነበረው፣ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ አገሬን ወክያለሁ» አይልም፤ አገሪቱ በዓለም አቀፉ የስኪ ማኅበር የታወቀ ፌዴሬሽን ሊኖራት፣ የኦሎምፒክ ኮሚቴዋም ሊልከው ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የስኪ ፌዴሬሽን ከየት ይመጣል? ሮቤል ራሱ ተነሥቶ እንዲቋቋም አደረገ። አዲስ አበባ ሲመጣም በጎማ ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። የጎማ ስኪ ማለት ከፊትና ከኋላ እግር ያለው አጭር መንሸራተቻ ነው። ለጥንታዊው ስልት የሚሠራው አንደኛው እግሩ ወደ ኋላ አይዞርም፤ በዚህም የሰሙን ሥራ ይሠራል። ፍሬን ግን የለውም። የለቡን አስፋልት፣ ሚኒባሱንና ባጃጁን አስቡና ፍርዱን ለራሳችሁ ስጡ።

በመጨረሻ የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. በጣሊያን የቶሪኖ ኦሎምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር ጥንታዊ ስልት ተወዳደረ። ኢትዮጵያ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ከተካፈለች ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መሆኑ ነው። በዚህ ውድድር ሁሉም አብሮ አይነሣም፤ በ30 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ስለዚህ ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው። የኤስቶንያው ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ከ1.3 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሮቤል 83ኛ ሆነ፤ ቦይትንም ቀደመ። የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር ኦሎምፒክ፣ በዚያው ርቀት በነጻ ስልት 93ኛ ወጣ። ዕድሜው 35 ነበር። በኦሎምፒክ ያደረገው ውድድርም በዚሁ አበቃ። ቁጥሩን አይቶ የሚስቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከኋላው አሠልጣኝ፣ ክለብና ሜዳ የሌለው ሰው መሆኑን ያስታውስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናክል። ሮቤል በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ይሁን እንጂ በበረዶ ላይ ለውድድር የወጣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይንቀሳቀሱ በኋላ፣ በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በውሻ በሚጎተት ሸርተቴ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸንፏል። ይህን የአበበን ድል በሬዲዮም በመጽሔትም እምብዛም አናነሣውም።

ከቫንኩቨር በኋላ በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያ አልተካፈለችም። ፌዴሬሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ሕፃናትን የሚያሠለጥን ግን አልነበረም። በኋለኞቹ ሁለት ውድድሮች ኤርትራን የወከለው ሻነን አቤዳም ካናዳ ተወልዶ፣ ስኪውንም እዚያው በልጅነቱ የተማረ ነው።