የወረዳ ፕላን ጽሕፈት ቤትና የገበሬው ወቅት

የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ሐምሌ 1 ቀን ግን ገበሬው ከማረሻው ጋራ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኗል፣ ለመስኖ ቦይ ድንጋይ የሚያመላልስ መኪናም ብዙውን መንገድ አያልፍም። የወረዳ ፕላን ሥራ ዋና ችግር ከዚህ ይጀምራል፤ የመንግሥቱ ዓመትና የመሬቱ ዓመት አንድ አይደሉምና። ሁለቱን ማገናኘት በወረዳው ከተማ ለሚገኘው የፕላን ጽሕፈት ቤት የተተወ ነው፤ ስለዚህም ሹሙም ሆነ ገበሬው የዚህን መሥሪያ ቤት አሠራር ቢያውቅ ይጠቀማል።

ፕላን ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ነገር ግን የታሰበውም የተጻፈውም በአዲስ አበባ ነበር። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ቢወጣም፣ ገቢ እንዲሰበስቡ የሚፈቅደው ረቂቅ በፓርላማ ሳያልፍ ስለ ቀረ ሐሳቡ ብዙ አልተራመደም። በ1971 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዕከላዊ ፕላን ጠቅላይ መምሪያ ደግሞ ሥራውን ይልቁንም ወደ ላይ ሰበሰበው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደነገገ፤ ይሁን እንጂ ሥልጣን ያለ ገንዘብ ባዶ ነውና፣ ነገሩ በወረዳ ደረጃ ሥጋ የለበሰው በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ጥቅል የድጎማ በጀት በቀጥታ ለወረዳዎች መከፈል ከጀመረበት ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ጥቅል በጀት ማለት ክልሉ በቀመር አስልቶ ለወረዳው የሚሰጠው፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ግን የወረዳው ምክር ቤት የሚወስንበት ገንዘብ ነው። የፕላን ሠራተኞቹም የግብርናው፣ የውሃው፣ የትምህርቱ፣ የጤናውና የመንገዱ ጽሕፈት ቤቶች የሚያቀርቡትን ጥያቄ ተቀብለው ከገንዘቡ ልክ ጋራ ያስተያያሉ፤ ከዚያም ለወረዳው ካቢኔ ያቀርባሉ፣ ካቢኔው መርምሮ ወደ ምክር ቤቱ ያሳልፋል። ከአንድ ዘመን ወዲህ ፕላኑና ገንዘቡ በአንድ የገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት ሥር ተጣምረው ነበር፤ በፌዴራል ደረጃ ፕላን ከገንዘብ ተለይቶ በ2014 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሆኗል። መጣመሩም መለየቱም የየራሱ ጥቅም አለው። በአንድ ጣራ ሥር ሲሆኑ ፕላን አውጪው የካዝናውን ልክ አይስትም፤ ነገር ግን የዕለቱ የክፍያ ሥራ ስለሚጫነው ወደ ቀበሌ ወጥቶ የሚያይበት ጊዜ ያጣል። ከዚህኛው ጉዳት ይልቅ የሚከብደው ግን ይህ ሁለተኛው ነው፤ ቀበሌውን ያላየ ሠራተኛ ያለፈውን ዓመት ፕላን ቁጥሩን ጥቂት ከፍ አድርጎ መገልበጡ አይቀርምና።

ለወረዳ ከሚመጣው ገንዘብ የሚበዛው የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ለቦይ፣ ለምንጭና ለድልድይ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ የፕላን ሥራ እውነተኛ ፈተና ያችን ጥቂት የት ማዋል እንደሚገባ መለየት ነው። ምንጩ በዚህ ቀበሌ ይጎልብት ሲባል የዚያኛው ቀበሌ እናት አንድ ዓመት ተጨማሪ ከሩቅ ውሃ ትቀዳለች ማለት ነው። ምርጫው በግልጽ መስፈርት ካልተደረገና ምክንያቱ ለሁለቱም ቀበሌዎች ካልተነገረ፣ ሕዝቡ ለሚቀጥለው ሥራ ጉልበቱን በፈቃዱ አይሰጥም።

የፕላኑ ሥር ቀበሌ ነው። በብዙ የእርሻ ቀበሌዎች ሦስት የልማት ሠራተኞች፣ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት፣ እንዲመደቡ ተደርጓል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚሆን ተፋሰስ እንደ አንድ የፕላን ክፍል እንዲቆጠር፣ ካርታውንም ነዋሪዎቹ ራሳቸው እንዲነድፉ ያዛል። ጎርፉ ከየት ተነሥቶ የማንን ማሳ እንደሚቦረቡር ከነዋሪው የበለጠ የሚያውቅ የለምና ይህ ትክክለኛ አሳብ ነው። እርከኑ በጥርና በየካቲት፣ ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ይሠራል፤ ችግኙ ግን ዝናብ ሲጥል ይተከላል። ችግኝ ጣቢያውን በዚያው በበጋ ማዘጋጀት የረሳ ፕላን እርከን እንጂ ዛፍ አያስገኝም።

የማዳበሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። ማዳበሪያ ከውጭ አገር የሚገዛና አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚገባ ስለሆነ፣ የገበሬው ፍላጎት ከዘር ወቅት ብዙ ወራት ቀድሞ ተመዝግቦ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ክልልና ወደ ግብርና ሚኒስቴር መድረስ አለበት። በመዝገቡ ላይ ያለ ስሕተት በየደረጃው ሲደመር ይገዝፋል። አብዝቶ የጻፈ ቀበሌ መጋዘኑን በማይሸጥ ማዳበሪያ ይሞላል፤ አሳንሶ የጻፈው ደግሞ በሰኔ ገበሬውን በማኅበሩ ደጃፍ ያሰልፋል። መዝገቡን የሚያረጋግጥ የፕላን ሠራተኛ ታዲያ ከቁጥሩ ጋራ የማሳውን ስፋትና ያለፈውን ዓመት ሽያጭ አብሮ ቢያይ፣ ብዙ ጠብ ይቀራል።

የሠራተኛ መለዋወጥም መጥፎ ሳንካ ነው። የሠለጠነው ወደ ዞን ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር፣ የመንደሮቹ ዝርዝርና የምንጮቹ መለኪያ በአእምሮው ይዞት ይሄዳል። ስለሆነም ማናቸውም መረጃ በመዝገብ ተጽፎ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ግልባጩ መቀመጥ ይኖርበታል።

ወደ ወቅቱ ነገር ስንመለስ፣ መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ቦታውን መለካት፣ ንድፉን መሥራትና የጨረታውን ሰነድ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ስለዚህ በሚያዝያና በግንቦት አዲሱ በጀት ሳይመጣ ሊያልቅ ይችላል። ምክር ቤቱ በሐምሌ ሲያጸድቅ ጨረታው በክረምቱ ይወጣል፤ ውሉም በመስከረም ይፈረማል። መንገዱ በጥቅምት ሲደርቅ ድንጋዩ ይጫናል፤ ቦዩም በጋው ሳያልፍ ውሃ ያወርዳል።