ጨዋታ፤ ንባብና ወጥ በካዛንቺስና በቂርቆስ ቤቶች

ሰው ቀኑን በሥራ ሲደክም ውሎ ማታ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ፤ ለሥጋው ምግብ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለልቡናውም ጥቂት ደስታ ያስፈልገዋል። ደስታውም ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ መሆኑ ግድ አይደለም። ዛሬ ባዲስ አበባ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሦስት ነገሮች በጥቂት ወጪ ቤተ ሰብን ሲያስደስቱ ይታያሉ፤ እነዚህም የቪዲዮ ጨዋታ፤ መጽሐፍን በእጅ ስልክ ማንበብና በቤት የተሠራ ቀላል ወጥ ናቸው። ሦስቱም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ቤተ ሰብን መሰብሰባቸው ወይም መበተናቸው እንደ አያያዛቸው ነው።

ይህ ነገር በተለይ የካዛንቺስን ሰው ይመለከታል። ካዛንቺስ የሚለው ስም፤ ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው በቆዩበት ዘመን ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ካሠሩት ቤቶች የመጣ ነው፤ ቤቶቹን የሚያሠራው ድርጅት በምኅጻር ኢንቺስ ይባል ነበርና። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የሰፈሩ ብዙ ክፍል ስለ ፈረሰ፤ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ልጁ ስልኩን ይዞ ሄደ፤ እናትም ድስቷን ይዛ ሄደች፤ ጎረቤት ግን ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ቀድሞ ሰፈሩ ይሠራው የነበረውን የመሰብሰብ ሥራ ዛሬ ቤቱ ራሱ ሊሠራው ይገባል።

ጨዋታ ላገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ገበጣ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ በተፈለፈሉ ጕድጓዶች ጠጠር እየዘሩ የሚጫወቱት የጥንት ጨዋታ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና ባካባቢዋ ከመቶ የሚበልጥ የአጨዋወት ዓይነት መዝግበዋል። ሶኒ የተባለው ኩባንያ ፕሌይስቴሽንን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በጃፓን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መሣሪያው በዓለም ሁሉ ተሰራጨ፤ ባዲስ አበባ ሰፈሮችም ልጆች በየግጥሚያው እየከፈሉ የኳስ ጨዋታ የሚጫወቱባቸው ትንንሽ ቤቶች ተከፈቱ። በዚያ የተሸነፈው ተነሥቶ ለተረኛው ቦታ ይለቃል፤ ተመልካቹም ይፈርዳል፤ ያሾፋል፤ ያደንቃል። እንግዲህ ልጁ ተራ መጠበቅንና መሸነፍን የሚማረው ከመሣሪያው ሳይሆን ካጠገቡ ከተቀመጠው ጓደኛው ነው። ሌሊት ብቻውን በስልክ የሚጫወት ልጅ ግን ይህን ትምህርት አያገኝም፤ እንቅልፉንም ያጣል። ቅኔ ጌምስ የተባለው ያገራችን ድርጅት ከባላገር ስለምታመልጥ ዶሮ ኩኩሉ የሚባል ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበጣንም ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶታል። አያት ባሉበት ቤት ልጁ ስልኩን ይዞ ካጠገባቸው ቢቀመጥ፤ ገበጣን ማን አብልጦ እንደሚያውቅ ይታያል።

ንባብም እንደዚሁ ነው። ቀድሞ በኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ቍጥር ይመዘግበው ስለ ነበረ፤ ካንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲላክ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ከገባ በኋላ ግን ይህ ችግር እየተወገደ መጣ። ዛሬ ሰው በአውቶቡስ ሰልፍ ቆሞ ልብ ወለድ ሊያነብ ይችላል፤ ከ1973 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በአሜሪካ የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት በተባበረበት ሥራ በማይክሮፊልም ከተነሡት የብራና መጻሕፍታችንም ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። ይሁን እንጂ መጽሐፍን ያለ ደራሲው ፈቃድ አባዝቶ በቴሌግራም ማሰራጨት በአዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀውን መብት የሚጥስ ነው፤ የደራሲውንም እንጀራ ይነካል። ደግሞም ንባብ ለብቻ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረኩት ጊዜ፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ከሚያነበው ጋራ እኩል ተደስቷል። ስለዚህ በስልኩ የሚያነብ ሰው ማታ ማታ ሁለት ገጽ ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ተካፋይ ይሆናል።

ስለ ወጥ የሆነ እንደ ሆነ፤ ከሽሮ የቀለለ የለም። ሽንኵርት ደቆ ይከተፋል፤ በድስት ይቁላላል፤ ዘይትና ነጭ ሽንኵርት ይጨመርበታል፤ ውሃ ይደረጋል። ውሃው ሲፈላ ሽሮው ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ በማማሰያ ይማሰላል፤ ከዚያ በኋላ ጨው ተጨምሮ በለዘብተኛ እሳት በስሎ እስኪያልቅ እንዲንተከተክ ይተዋል። እንዳይጓጉል አንዱ ሲነሰንስ ሌላው ቢያማስል ይሻላል፤ ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ ወንድ ልጅም ቢማረው ነውር የለበትም። ገበታውም ሲቀርብ ወጥ በነካው እጅ ስልክ አይያዝምና፤ ጨዋታው በዚያ ሰዓት በአፍ ይሆናል።

እንግዲህ የቤት አባትና የቤት እመቤት፤ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው እንዲጫወቱ፤ ከንባቡም ጥቂቱ ለሁሉ እንዲሰማ፤ እራት ሲቀርብ ስልኮች ባንድ ስፍራ እንዲቀመጡ ቢያደርጉ መልካም ነው። ወደ ሩቅ የተዛወረውንም የቀድሞ ጎረቤት በወር አንድ ቀን ለሽሮ ቢጠሩት፤ ወጪው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የፈረሰ ቤት ይሠራል፤ አብሮ መቀመጥን የተወ ቤተ ሰብ ግን በዐዲስ ቤት ውስጥም ተለያይቶ ይኖራል።