የሐሙስ ሰልፍ፦ የሱፕሪም ደንበኛ ገበያ

ጄምስ ጀቢያ እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ላፋዬት ጎዳና የከፈተው ሱፕሪም መጀመሪያ የስኬትቦርድ፣ ማለትም ባለ አራት ጎማ የመንሸራተቻ ሰሌዳ፣ ተጫዋቾች መደብር ነበር፤ ልብሱ በግድግዳው ዳር ተደርድሮ መሃሉ ባዶ የተተወውም ወጣቶቹ ሰሌዳቸውን ይዘው እንዲገቡ ታስቦ ነው። ኋላ ላይ ግን መደብሩን ያስጠራው የአሻሻጥ ስልቱ ሆነ። «ድሮፕ» በሚባለው በዚህ ሥርዓት አዲስ ዕቃ በየሳምንቱ ሐሙስ በጥቂት መጠን ይቀርባል፤ ያለቀውም አብዛኛውን ጊዜ ስለማይደገም ደንበኞች ለረጅም ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዋዜማው ጀምሮ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ይሰለፉ ነበር። በ2014 ከናይኪ ጋር የተሠራ ጫማ በወጣበት ዕለት ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ በኒውዮርክ የመደብሩ ሽያጭ በፖሊስ ክልከላ ተሰርዟል፤ ኋላም ተራ መያዝ በኢንተርኔት ምዝገባ ሆነ። ተራው የደረሰው ደንበኛ የፈለገው ልክ ወይም ቀለም አልቆ ሊያገኘው ይችላል፣ ከፊቱ ከተሰለፉት መካከልም አትርፈው መልሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች አይጠፉም። የዚህ ገበያ ጥግ፣ ፌዝም ሊባል የሚችል፣ በ2016 ታየ፤ የመደብሩ ስም ያረፈበት ተራ የሸክላ ጡብ በ30 ዶላር ቀርቦ ወዲያው አለቀና በኢንተርኔት በብዙ እጥፍ ዋጋ ተቸበቸበ።