ላንጋኖ 7 ለ 1 አሸነፈኝ

እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ብራዚል በገዛ ሜዳዋ በጀርመን 7 ለ 1 ስትረታ የሳቅን ሰዎች ይቅርታ ልንጠይቅ ይገባል። ቢያንስ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይጠይቃል። ባለፈው እሁድ ላንጋኖ ሐይቅ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፌ ተመልሻለሁና። ሰባት ጊዜ ወደቅኩ፣ አንድ ጊዜ ቆምኩ። በዳኛም በሜዳም አላሳብብም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሜሪካ ሚኒሶታ ለእረፍት የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ከሻንጣው ሌላ አንድ ረጅም ቦርሳ ይዞ ነበር። ሲከፍተው ጫማ የተገጠመለት ሰፊ ሰሌዳ ወጣ። “ይሄ ደግሞ ምንድነው?” አልኩት። “ዌክቦርድ ነው። እሁድ አንተም ትሞክረዋለህ” አለኝ። ሳቅኩ። የሳቅኩት ግን ነገሩን ለማሳለፍ ነው። ዋና አልችልማ!

ያልቻልኩበት ምክንያት አለኝ። ልጆች ሆነን በሰፈራችን ቡድን በግራ ክንፍ የሚጫወት ጓደኛ ነበረን። አንድ ክረምት ዝናብ የሞላው የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ሊዋኝ ገብቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ “ውሃ አጠገብ እንዳላይህ” አለች። እኔም ቃሏን ጠብቄ አደግኩ።

ወደ ላንጋኖ ከመሄዳችን በፊት ስለ ስፖርቱ ትንሽ እንበል። ዌክቦርድ በሞተር ጀልባ ገመድ እየተጎተቱ፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው። “ዌክ” የሚባለው ጀልባው ሲያልፍ ከኋላው የሚተወው ማዕበል ነው። የቻሉበት ልጆች በእሱ ላይ ተስፈንጥረው አየር ላይ ይገለባበጣሉ። አያቱ የውሃ ስኪ ነው። የውሃ ስኪን እ.ኤ.አ. በ1922 ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ ወጣት የጀመረው እዚያው ሚኒሶታ፣ ፔፒን ሐይቅ ላይ ነው። የሰፈራችን ልጅ ይህን ሲያወራ ሳሙኤልሰን አጎቱ ይመስል ደረቱን ይነፋል። በ1985 ደግሞ ቶኒ ፊን የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው “ስከርፈር” የተባለውን በጀልባ የሚጎተት ሰሌዳ ይዞ ብቅ አለ። የዛሬው ዌክቦርድ ከዚያ የመጣ ነው።

ኦሊምፒክስ? ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ባመጣበት የ1972ቱ ሙኒክ ላይ የውሃ ስኪ ለትርኢት ቀርቦ ነበር። ዌክቦርድም ለ2020 ኦሊምፒክ ከታጩት ስምንት ስፖርቶች አንዱ ነበር። በ2013 በተደረገው ምርጫ ግን ቦታውን ትግል ወሰደው።

እሁድ በጠዋት ላንጋኖ ደረስን። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ማኪያቶ ይመስላል፤ እጅህን ብታጠልቅ ጣትህን አታየውም። ጀልባ ነጂው በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ “ልጄ፣ ዋና ትችላለህ?” አሉኝ።

“ብዙም አይደለም ጋሼ።”

“ብዙም አይደለም ማለት አልችልም ማለት ነው” አሉና ላይፍ ጃኬቱን ራሳቸው አጠበቁልኝ። ከዚያ ወደ ጀልባው አልወሰዱኝም። ውሃው ደረቴ ድረስ በሚደርስበት ቦታ ሃያ ደቂቃ ያህል በጀርባዬ አንሳፈፉኝ፣ በፊቴ ደፍተው በራሴ እንድገለበጥ አደረጉኝ። “ጃኬቱን ካላመንከው ገመዱን አትለቅም። ገመዱን ካልለቀቅክ ደግሞ ትጎዳለህ” አሉኝ። የዕለቱ ትልቁ ትምህርት ይህ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የእግር ምርጫ መጣ። የሰፈራችን ልጅ ሳላስበው ከኋላ ገፋ አደረገኝ። ግራ እግሬ ቀድሞ ተራመደ። “በቃ ከፊት የሚሆነው ግራህ ነው” አለኝ። ቀኝ እግር ተጫዋች ነኝ። ኳስ ስመታ መሬት የምረግጥበት እግር ውሃ ላይ ከፊት ሆነ ማለት ነው። ቀኝ እግራቸውን የሚያስቀድሙም አሉ። በግራ ስለምትመቱ ብቻ እንዲህ ነኝ አትበሉ፤ ሰው ይግፋችሁ።

አነሳሱ ሲነገር ቀላል ነው። ሰሌዳውን በእግርህ አስረህ ውሃው ውስጥ በጀርባህ ትንሳፈፋለህ። ጉልበትህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ። ክንዶችህን ዘርግተህ እጀታውን ትይዛለህ። ጀልባው ሲነሳ ቁጭ እንዳልክ ትቆያለህ። ሰሌዳው ከውሃው በላይ ሲወጣ ቀስ ብለህ ትነሳና የፊት እግርህን ወደ ጀልባው ታዞራለህ። ለጀማሪ የጀልባው ፍጥነት በሰዓት ከ25 እስከ 29 ኪሎ ሜትር ነው። ዩሴይን ቦልት 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ ከነበረው አማካይ ፍጥነት ያነሰ ነው። ውሃ ላይ ግን ትንሽ እንዳይመስላችሁ!

የመጀመሪያዎቹን አራት ጎሎች ያገባሁት በራሴ ላይ ነው። ጀልባው በተነሳ ቁጥር ገመዱን ወደ ደረቴ እጎትታለሁ፤ ሰሌዳው ውሃውን እንደ ማረሻ ያርሰዋል፤ እኔም ተደፋሁ። ኳስ ሜዳ ላይ ያደግነው “ታገል! ተጫነው!” እየተባልን ነው። እዚህ የሚታገል ይወድቃል። አምስተኛው ላይ ሰሌዳው ሳይወጣ ቸኩዬ ቆምኩ፣ ወደቅኩ። ስድስተኛው ላይ ቆምኩ ብዬ ስደሰት የሰሌዳው የፊት ጠርዝ ውሃው ውስጥ ተሰክቶ በፊቴ ተጠፈጠፍኩ። ጥፊ በሉት።

ሰባተኛው አያስቅም። ስወድቅ እጀታውን መልቀቅ ረሳሁ። ጀልባው ጎተተኝ። ውሃ በአፍንጫዬ፣ በአፌ ገባ። ዓይኔን ስገልጥ የማየው ያንን ቡናማ ውሃ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የመጣብኝ ያ የግራ ክንፍ ልጅ ነው። እንዴት እንደለቀቅኩት አላውቅም። ጃኬቱ ብቅ አደረገኝ። ጀልባው ላይ ሆኖ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል የሚጠብቀኝ የሰፈራችን ልጅ ቶሎ ብሎ ስላስቆመ በደቂቃ ውስጥ አጠገቤ ደረሱ።

ጋሼ አልሳቁም። “ስትወድቅ ልቀቅ። ገመዱ የጀልባው ነው፣ ነፍስህ ያንተ ናት” አሉኝ። እንውጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትንሽ ተንፍሼ “አንድ ጊዜ ብቻ” አልኩ።

ስምንተኛው ላይ ምንም አላደረግኩም። እውነቴን ነው። ክንዴን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ጀልባው አነሳኝ። ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ ቀስ ብዬ ቀና አልኩ፣ እጀታውን ወደ ወገቤ አስጠጋሁ፣ ሰሌዳው ዞረ። ከሥሬ ውሃው ሲንሿሿ ይሰማኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ አስራ አንድ ቆጠርኩ። ከዚያ ስንገዳገድ እጀታውን ራሴ ለቀቅኩት። ሳልፈራ በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ለእኔ ጎሉ መቆሙ አልነበረም፤ መልቀቁ ነው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና “ያንን ልጅ ዋና ያስተማረው ሰው ቢኖር ኖሮ” አለች። እኔን ከውሃ ከልክላ እንጂ ዋና አስተምራ እንዳላሳደገችኝ ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ያሰብነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ሐይቅ ዳር ሄዳችሁ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ ግን አትግቡ። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ከጀልባው ላይ ነጂውን ሳይጨምር እናንተን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው ይኑር። ከሁሉ በፊት ደግሞ ዋና ተማሩ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ። እኔ በዚህ ሳምንት የዋና ትምህርት ተመዝግቤያለሁ። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ከላንጋኖ ጋር የመልስ ጨዋታ አለኝ።