ከ«ነበር» በፊት ያለው ግስ፦ የስፓኒሽ ያልተፈጸመ ኃላፊ ጊዜ ለአማርኛ ተናጋሪ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የስፓኒሽ የግስ ጊዜ ነው። ስፓኒሽ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ምን ይረባዋል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው በኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ትምህርት ቤቶች በዚህ ቋንቋ ተምረዋል። ዛሬም በደቡብና በማዕከላዊ አሜሪካ በኩል ወደ ሰሜን የሚሰደዱ ወገኖቻችን የደረሰባቸውን ሲያስረዱ ቃላቸው በስፓኒሽ ይጻፋል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ምሳሌዬን ከቅርብ ልውሰድ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ የሚገኘውን ሰባራ ድልድይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ይህ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። ስለ እርሱ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንበል፤ «ነጋዴዎች በድልድዩ ይሻገሩ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድልድዩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር።» መካከለኛው አንድ ጊዜ ሆኖ ያለቀ ነገር ነው፤ ስፓኒሹ «ሴ ሮምፒዮ» ይላል። ሁለቱ ግን መነሻና መድረሻቸው ያልተቆረጠ፣ ይደጋገም የነበረ ድርጊት ናቸውና «ክሩሳባን» ይሆናሉ። ይህ «ክሩሳባን» ነው የዛሬው ርእሳችን። ኔብሪሃ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰዋስው «ያላለቀ ኃላፊ» ብሎ ጠርቶታል። አንድሬስ ቤዮ በበኩሉ በ1847 እ.ኤ.አ. «ኮፕሬቴሪቶ» አለው፤ ከሌላ ኃላፊ ጋር አብሮ የሚኖር ኃላፊ ማለቱ ነው። እኔ የቤዮን ስያሜ አበልጣለሁ፤ ድርጊቱ አለማለቁን ብቻ ሳይሆን ሌላው ነገር ሲሆን እርሱ በመካሄድ ላይ እንደነበረ ይናገራልና።

ቅርጹን በተመለከተ፣ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላ የቅኔ ጉባኤ ግስ የገሰሰ ሰው አዲስ ነገር አይገጥመውም። በዚያ «ቀተለ»፣ «ቀደሰ»፣ «ባረከ» እየተባለ አርእስቱ ይጠናል፤ ሠራዊቱ አርእስቱን ተከትሎ ይረባል። ሥርዓታዊ ግስ ማለት ይኸው ነው፤ አንዱን ያወቀ መቶውን ያውቃል። በዚህ ጊዜ የስፓኒሽ አርእስት ሁለት ብቻ ናቸው። በ«ኣር» የሚጨርሱት፣ ለምሳሌ «ክሩሳር» (መሻገር)፣ እንዲህ ይረባሉ፦ ክሩሳባ፣ ክሩሳባስ፣ ክሩሳባ፣ ክሩሳባሞስ፣ ክሩሳባይስ፣ ክሩሳባን። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚጨርሱት በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ «ኮሜር» (መብላት)፦ ኮሚያ፣ ኮሚያስ፣ ኮሚያ፣ ኮሚያሞስ፣ ኮሚያይስ፣ ኮሚያን። «ሚ» ላይ ድምፅ ይነሣል፤ ተነሽና ወዳቂ ለይቶ ያነበበ ጆሮ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። ከሥርዓት የወጡት ግሶች ሦስት ናቸው፦ ኢር (መሄድ)፣ ሴር (መሆን)፣ ቤር (ማየት)።

አንደኛውና ሦስተኛው መደብ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ልብ በሉ። «ክሩሳባ» «እሻገር ነበር»ም ነው፣ «ይሻገር ነበር»ም፣ «ትሻገር ነበር»ም። እንግዳ ነገር ነው የሚል ካለ፣ የእኛው «ትሻገር ነበር» «አንተ» ይሁን «እርሷ» በምን ይለያል? እነርሱም እንደ እኛ ተውላጠ ስም ጨምረው ያጠሩታል፤ «ዮ ክሩሳባ»፣ «ኤያ ክሩሳባ»። ማክበሪያው «ኡስቴድ»ም እንደ «እርስዎ» በሦስተኛ መደብ ይነገራል።

ጭንቁ ያለው ከቅርጹ ላይ አይደለም፤ «ነበር» ራሱ ሰፊ በመሆኑ ነው። ተማሪ «ነበር»ን ባየ ቁጥር «ባ» ወይም «ኢያ» መጨመር ይቀናዋል። እስቲ እነዚህን አስተያዩ፦ «ይሻገር ነበር»፣ «ተሻግሮ ነበር»፣ «ሊሻገር ነበር»፣ «ቢጠሩት ይሻገር ነበር»። የመጀመሪያው «ክሩሳባ» ነው። ሁለተኛው ከሌላ ኃላፊ በፊት ያለቀ ስለሆነ «አቢያ ክሩሳዶ» ይባላል። ሦስተኛው «ኢባ ኣ ክሩሳር» ነው፤ ሰውየው ወንዙ ዳር ቆሟል። አራተኛው ከነጭራሹ ያልሆነ ነገር ነው፤ ስፓኒሹ «ክሩሳሪያ» ብሎ ሌላ ቅርጽ ይሰጠዋል። ከመጀመሪያው የሚለየው «ቢጠሩት» በሚለው ብቻ ነውና አብዝቶ የሚያሳስተው ይህ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ «ነበር» ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው ግስና በዓረፍተ ነገሩ መነሻ ላይ ይረፍ።

የተገላቢጦሹም አለ። «ሦስት ዓመት ሞጣ ኖርሁ» የሚለው ረጅም ጊዜ ስለሆነ «ቢቢያ» ማለት የሚያምረው ብዙ ነው። ነገር ግን ዘመኑ ተቆጥሮ ተዘግቷል፤ «ቢቢ» ነው የሚባለው። ወሳኙ የዘመኑ ርዝመት ሳይሆን መከተሩ ነው። «ሞጣ ስኖር ተማሪ ነበርሁ» ስንል ግን መኖሩ ለሌላው ነገር ጊዜ ሆኖ ስለቀረበ «ቢቢያ» ይሆናል።

አሁን ወደ ስደተኛው ቃል ልመለስ። አንድ ሰው «ቤታችንን ይፈትሹ ነበር» ቢልና አስተርጓሚው «ሬሂስትራሮን ኑዌስትራ ካሳ» ብሎ ቢያሰማ፣ መዝገቡ የያዘው «ቤታችንን ፈተሹ» የሚለውን ነው። ለወራት የተደጋገመው መከራ የአንድ ቀን ክስተት ሆነ ማለት ነው። በሌላ ቀን ያው ሰው «አምስት ጊዜ መጥተዋል» ቢል ቃሉን የለወጠ ይመስላል፤ እርሱ ግን አልለወጠም። ትክክለኛው «ሬሂስትራባን» ነበር። የጥገኝነት ጠያቂ ቃል የሚመዘነው አንዱ ከሌላው ጋር በመስማማቱ ጭምር ስለሆነ፣ ይህች መድረሻ የሰውን ዕጣ ልትነካ ትችላለች። ጥሩ አስተርጓሚ ከተጠራጠረ ፈቃድ ጠይቆ «አንድ ጊዜ ነው ወይስ ይመላለሱ ነበር?» ይላል። ሰውየውም ቢሆን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ቢያክል፣ የጎደለውን የግስ መድረሻ ቁጥሩ ይሞላለታል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ትሕትናን ለመግለጽ «ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» እንላለን፤ ፍላጎታችን ግን ያለው አሁን ነው። ስፓኒሹም ጥያቄውን ለማለስለስ ወደ ኃላፊ ይመልሰዋል፤ የሚጠቀመው ግን «ኬሪያ» የሚለውን ያልተፈጸመ ኃላፊ ነው። እኛ «ፈልጌ ነበር» የምንልበት ቦታ ላይ «አቢያ ኬሪዶ» የሚል ተማሪ ሰዋስዉን አክብሮ ልማዱን ይስታል። ሃቫና ውስጥ ቡና ቤት ገብታችሁ «ኬሪያ ኡን ካፌ» ብትሉ፣ አሳላፊው «አሁንስ?» ብሎ አይጠይቃችሁም፤ ቡናውን ያመጣላችኋል።